ቍጥርና መስፈሪያ፤ ታሪካቸውና ለሕፃናት የቤት ትምህርት ያላቸው ጥቅም

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ፣ ስለ ስፖርትና ስለ መዝሙር ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ከመጀመሪያ ክፍል እስከ መጨረሻ ክፍል ድረስ አንድም ቀን ተለይቶን ስለማያውቀው ስለ ቍጥር ለመጻፍ ወደድን። ምክንያታችንም ይህ ነው። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ብዙ ወላጆች «እኛ አልተማርን፤ ምን ልንረዳህ እንችላለን? መምህርህን ጠይቅ» ይላሉ። መምህሩ ደግሞ ብዙ ልጆች ስላሉበት ለእያንዳንዱ ለብቻው ለማስረዳት ጊዜ አይበቃውም። ልጁም በሁለቱ መካከል ይቀርና፣ ሒሳብ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ይመስለዋል።

የቍጥርን ታሪክ ስንመረምር ያገኘነው ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያ፣ ሕፃናት የሚሰናከሉባቸው ሦስት ነገሮች፣ ይኸውም የቤት ዋጋ፣ የአሥርዮሽ ነጥብና መለኪያ፣ ታላላቅ ሕዝቦችንም ለብዙ መቶ ዓመታት ያስቸገሩ ናቸው። ስለዚህ አንድ ልጅ በእነዚህ ላይ ቢዘገይ አእምሮው የደነዘዘ ነው ሊባል አይገባም። ሁለተኛም፣ እነዚህ ሦስት ነገሮች ያደጉት በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በገበያ፣ በእርሻ፣ በጎተራና በገንዘብ መመንዘሪያ ጭምር ስለሆነ፣ አንድ ወላጅ በቤቱ ያለው ዕቃ እነርሱን ለማስተማር ይበቃዋል። ይህን ለማስረዳት ታሪኩን በየተራ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የግዕዝ አኃዝና የሕፃን አጻጻፍ

አገራችን የራስዋ ፊደል እንዳላት ሁሉ የራስዋ አኃዝም አላት። የግዕዝ አኃዝ ከግሪኮች የአኃዝ ሥርዓት የተገኘ ሲሆን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ንጉሥ በዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይታያል። ምልክቶቹ በሙሉ 20 ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያም ፻ እና ፼። የዚህ ሥርዓት ጠባይ ቍጥሩን እንደሚነገረው አድርጎ መጻፉ ነው። መቶ ሃያ አምስት ለማለት ፻፳፭ ይጻፋል። ፳ የትም ቢጻፍ ሃያ ነው፤ ፭ም የአሥሮችን ስፍራ ቢይዝ ሃምሳ ወደ መሆን አይለወጥም፤ ለሃምሳ ፶ የሚባል ሌላ ምልክት ተዘጋጅቶለታልና። ስለዚህም ባዶ ቦታ የሚጠብቅ ዜሮ አላስፈለገውም። ሁለት መቶ አምስት ፪፻፭ ተብሎ ይጻፋል፤ የሌሉት አሥሮች ሳይጠቀሱ ይታለፋሉ።

ዜሮ ስላልነበራቸው ግን አባቶቻችን ሒሳብ አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ የየዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ሲያወጡ፣ በ19 እያካፈሉ የሚተርፈውን ይይዛሉ፤ አበቅቴንና መጥቅዕንም በ30 እየገደፉ ያገኛሉ፤ የሁለቱም ድምር 30 መሆኑን አይተው ሥራቸውን ያረጋግጣሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በግዕዝ አኃዝና በቃል ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንመለስ። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ «መቶ ሃያ አምስት ብለህ ጻፍ» ሲባል ብዙ ጊዜ 100205 ብሎ ይጽፋል። ደብተሩን ያየ ሰው ይሥቃል፤ ወይም በቀይ እርሳስ ይሰርዘዋል። ነገር ግን ልብ ብለን ብናስተውል፣ ልጁ 100ን፣ 20ንና 5ን በተነገሩበት ተራ አስከትሎ ጻፈ እንጂ ሌላ ነገር አላደረገም። ይህም የአክሱም ጸሐፊ ፻፳፭ ብሎ ሲጽፍ ያደረገው ነው። የልጁ ሐሳብ ሥርዓት አለው፤ የጐደለው ሌላ ሕዝብ በሌላ ዘመን ያወጣውን አዲስ ሕግ ማወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጅ ከመቈጣቱ በፊት «እስቲ ያሰብከውን ንገረኝ» ቢለው፣ ልጁ ራሱ መንገዱን ያሳየዋል።

ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ትልቅ ረዳት ነው። በአማርኛ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ስንል አሥሩና አንዱ ለየብቻ ይሰማሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» የሚሉት ቃላት አሥሩን ይደብቁታል። ስለዚህ እናት እንጀራ ስትጋግር ወይም ቡና ስትለቅም ልጅዋን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጮክ ብሎ እንዲቈጥር ብታደርገው፣ ጊዜ ማሳለፍዋ ብቻ ሳይሆን የአሥርን ሥርዓት ማስተማርዋ ነው።

ዜሮ እንዴት እንደ መጣ

አኃዝ በያዘው ቦታ ዋጋው የሚለወጥበትን ዘዴ በጥንት ዘመን ከጀመሩት መካከል ባቢሎናውያን ይገኛሉ። እነርሱ ከ4000 ዓመት በፊት ገደማ በሸክላ ላይ ሲጽፉ በስድሳ ስድሳ ይቈጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ባዶ ለሆነው ስፍራ ለብዙ ዘመን ምልክት ስላልነበራቸው ክፍት ቦታ ትተው ያልፉ ነበር፤ አንባቢውም ክፍት የተተወውን ቦታ በግምት ማወቅ ነበረበት። ምልክት ያበጁለት በኋላ ዘመን ነው።

ዛሬ ዓለም የሚጠቀምባቸው አሥሩ አኃዞች ከሕንድ የመጡ ናቸው። የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 በጻፈው መጽሐፍ ዜሮን እንደ ማናቸውም ቍጥር ቈጥሮ የመደመሩንና የመቀነሱን ደንብ ሰጠ። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በባግዳድ ይኖር የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ስለ ሕንዶች አቈጣጠር ጻፈ፤ መጽሐፉም ወደ ላቲን ሲተረጐም ስሙ ተለውጦ «አልጎሪዝም» የሚለውን ቃል አስገኘ።

ወደ አውሮፓ ስለ መግባቱ የሚነገረው ታሪክ በተለይ ለወላጆች የሚጠቅም ነው። የፒዛው ሌኦናርዶ፣ በኋላ ፊቦናቺ የተባለው፣ ገና ልጅ ሳለ አባቱ በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር፣ ቡጂያ በምትባል የወደብ ከተማ በጉምሩክ ሥራ ላይ ነበር። አባቱ ልጁን ወደዚያ አስመጥቶ የሕንዶችን አኃዝ እንዲማር አደረገው። ልጁም አድጎ በ1202 «ሊበር አባቺ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ፤ ያም መጽሐፍ አዲሱን አኃዝ በአውሮፓ ነጋዴዎች ዘንድ እንዲታወቅ አደረገ። እንግዲህ ይህን የሚያህል ሥራ የተጀመረው፣ አንድ አባት የሥራ ቦታው ለልጁ ትምህርት እንደሚሆን ስላሰበ ነው።

አዲሱ አኃዝ ግን በአንድ ጊዜ ተቀባይነት አላገኘም። በ1299 የፍሎረንስ ገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር አባሎቹ የሒሳብ መዝገባቸውን በአዲሱ አኃዝ እንዳይጽፉ ከልክሎ ነበር። አኃዝ በቀላሉ ሊፋቅና ሊለወጥ ይችላል፣ ዜሮም ትንሽ ጭረት ቢጨመርበት 6 ወይም 9 ይሆናል የሚል ሥጋት እንደ ነበረ ይነገራል። የባንክ ወረቀት ስንሞላ ገንዘቡን በአኃዝም በፊደልም እንድንጽፍ የምንጠየቀው ከዚሁ ሥጋት የተነሣ ነው። ታላላቆቹ የፍሎረንስ ባለገንዘቦች የተጠራጠሩትን ነገር የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት እንዲቀበለው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የቤት ዋጋን በቤት ማስተማር

በአማርኛ የሒሳብ ትምህርት አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት እንላለን። አባባሉ መልካም ነው፤ እያንዳንዱ አኃዝ የሚኖርበት ቤት አለውና፣ ቤቱ ሲለወጥ ክብሩም ይለወጣል። ይህን ለማሳየት ስንደዶ ወይም ጭራሮ ይበቃል። ልጁ አሥር አሥሩን ስንደዶ አንድ ላይ ይሰር፤ አሥር እስር ሲሞላ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ትልቅ እስር ያድርግ። በወረቀት ላይ ሦስት ቤቶች ይሥመርና ትልቁን እስር በመቶ ቤት፣ ትንሹን እስር በአሥር ቤት፣ ነጠላውን በአንድ ቤት ያኑር። ሦስት ትልልቅ፣ አራት ትንንሽና ሰባት ነጠላ ቢሆን 347 ይሆናል። ቀጥሎ አራቱን ትንንሽ እስሮች ያንሣና «አሁንስ ስንት ቀረ?» ተብሎ ይጠየቅ። የአሥር ቤት ባዶ ሆኗል፤ ባዶነቱን ካልጻፈ ግን 37 ሊነበብ ነው። በዚህ ጊዜ ልጁ ዜሮ ለምን እንደሚያስፈልግ ሰው ሳይነግረው ያስተውላል፤ 307 ብሎም ይጽፋል።

መቀነስ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ገንዘብ ነው። ልጆች 300 − 48 ሲሰጣቸው ከዜሮ ላይ ስምንት እንዴት እንደሚቀነስ ይጨነቃሉ። ከዚያም «ተበደር» ይባላሉ፤ ማን ለማን እንደሚያበድር ግን አያውቁም። ሱቅ የተላከ ልጅ ግን ብር መዘርዘር ያውቃል። ሦስት የመቶ ብር ኖት ይዘሃል፣ 48 ብር ልትከፍል ነው እንበለው። አንዱን መቶ በአሥር የአሥር ብር ኖቶች ይዘረዝራል፤ ከአሥሮቹም አንዱን በአሥር የአንድ ብር ሳንቲሞች ይዘረዝራል። አሁን በእጁ 2 መቶ፣ 9 አሥርና 10 አንድ አለ። 4 አሥርና 8 አንድ ሲከፍል 2 መቶ፣ 5 አሥርና 2 አንድ ይቀሩታል፤ መልሱ 252 ነው። ገንዘቡ ቢዘረዘርም መጠኑ አልተለወጠም። የቤት ዋጋ ምሥጢር ሁሉ በዚህ ምንዛሪ ውስጥ አለ፤ ይህንም በገበያ የምትነግድ እናት ፊደል ባትቈጥርም አሳምራ ታውቀዋለች።

የአሥርዮሽ ነጥብና ገንዘባችን

ሙሉ ቍጥር በአሥር እያደገ እንደሚሄድ፣ ከአንድ በታችም በአሥር እያነሰ ሊሄድ እንደሚችል ማሰብ ረጅም ጊዜ ወስዷል። አል ኡቅሊዲሲ በ952 በደማስቆ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አሥርዮሽ ክፍልፋዮች ይገኛሉ፤ አል ካሺም በ1427 በሳማርካንድ በፈጸመው የሒሳብ መጽሐፍ በሰፊው አስረድቷቸዋል። በአውሮፓ ግን ነገሩን ለሕዝብ ያቀረበው የብሩዥ ተወላጅ ሲሞን ስቴቪን ነው። እርሱ በ1585 «አሥረኛው» የሚል ትርጕም ያለው አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፊቱንም የሊቃውንት ቋንቋ በነበረው በላቲን ሳይሆን በአገሩ ሰዎች ቋንቋ ጻፋት፤ ምክንያቱም ያሰበው ለከዋክብት ተመልካቾች፣ ለመሬት ለኪዎች፣ ለጨርቅና ለወይን ጠጅ ሰፋሪዎች፣ ለገንዘብ አታሚዎችና ለነጋዴዎች ስለ ነበር ነው። መንግሥታትም ገንዘብንና ሚዛንን በአሥር እንዲከፍሉ መከረ። የስኮትላንዱ ጆን ናፒየር በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነጥብ መጻፍን አስለመደ።

የስቴቪን ምክር ተግባር ላይ የዋለው ቀስ በቀስ ነው። አሜሪካ በ1792 ዶላሯን በ100 ሳንቲም ከፈለች። በአገራችን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ ከ1894 ጀምሮም የዳግማዊ ምኒልክ ብር ሲሠራባቸው፣ ግማሹ አላድ፣ አራተኛው እጅ ሩብ፣ ስምንተኛው እጅ ተሙን ይባል ነበር። ይህ ሁሉ ከእኩል እየከፈሉ የሚገኝ ነው፤ ሰው እንጀራውንም መሬቱንም ሲያካፍል አስቀድሞ የሚቀናው ከሁለት መክፈል ነውና። ግርሽ ደግሞ አንድ ጊዜ ከ16 አንድ፣ ሌላ ጊዜ ከ20 አንድ እየሆነ ያስቸግር ነበር።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት 1923 ዓ.ም. የተጻፈባቸው አዲስ ሳንቲሞች ወጡ፤ ስማቸውም «መቶኛ» ነበር፣ 100 መቶኛም አንድ ብር ነው። ይህ ስም በጣም የሚያስደንቅ ነው፤ ዛሬ በሒሳብ መጽሐፍ ከነጥብ በኋላ ሁለተኛውን ቤት የምንጠራበት ቃል ራሱ ነውና። ከጠላት ወረራ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገራችን ሲዘዋወር ቈየና፣ በ1945 በወጣው የገንዘብ ሕግ አዲሱ ብር በ100 ሳንቲም ተከፈለ። ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ስለ ተመነዘረ 50 ሳንቲም እስከ ዛሬ ሽልንግ ይባላል። 25 ሳንቲም ደግሞ ስሙኒ ተባለ፤ ቃሉ ስምንተኛ እጅ ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ሳንቲሙ ግን የብር ሩብ ነው። ሳንቲም የሚለውም ቃል በፈረንሳይኛ መቶኛ ማለት ነው። እንግዲህ አያቶቻችን በኪሳቸው የአሥርዮሽ ትምህርት ተሸክመው ይዞሩ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ታሪክ ለሕፃኑ የሚጠቅመው እንዴት ነው? ልጆች «ከ0.5 እና ከ0.25 የትኛው ይበልጣል?» ሲባሉ፣ ብዙዎቹ 25 ከ5 ስለሚበልጥ 0.25 ይላሉ። ይህም በሙሉ ቍጥር የተማሩትን ወደ አዲሱ ቦታ በመውሰዳቸው ነው። ነገር ግን ሽልንግና ስሙኒን በእጁ ያስጨበጥነው ልጅ በዚህ አይሳሳትም። 0.5 ብር አምስት አሥር ሳንቲም፣ ማለት 50 ሳንቲም፣ ማለት ሽልንግ ነው፤ 0.25 ብር ስሙኒ ነው። ስሙኒ ከሽልንግ እንደማይበልጥ አያቱም ያውቃሉ። በዛሬው ዘመን በሳንቲም የሚገዛ ነገር እየጠፋ ስለ ሄደ ሳንቲሞቹ ከልጆች እጅ እየራቁ ናቸው፤ ስለዚህ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩትን አውጥቶ ማሳየት ያስፈልጋል። እንዲሁም በገበያ ሚዛን ላይ 0.25 ሩብ ኪሎ፣ 0.5 ግማሽ ኪሎ፣ 0.75 ሦስት ሩብ መሆኑን ልጁ ራሱ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል።

የነጥብ ነገር በፈተና ወረቀት ብቻ የሚቀር እንዳይመስለን። ለሕፃን የታዘዘ መድኃኒት 0.5 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሳለ ነጥቡ ሳይታይ 5 ተብሎ ቢነበብ፣ ሕፃኑ የሚወስደው አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህም ነው በሕክምና ሙያ ነጥቡ እንዳይሰወር .5 ሳይሆን 0.5 ብሎ መጻፍ፣ 5 ሲሆን ደግሞ 50 ተብሎ እንዳይነበብ 5.0 አለመጻፍ የሚመከረው። በወጥ ቤት ያሉ ማንኪያዎች እኩል ስላይደሉ፣ ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን መለኪያ መጠቀም ይገባል። በብዙ ቤት የመድኃኒቱን ወረቀት ለወላጆቹ የሚያነበው ተማሪው ልጅ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ነጥብን በሚገባ መማሩ ለክፍል ማለፊያ ብቻ ሳይሆን ለታናሽ እኅቱ ሕይወትም ነው።

ከክንድ እስከ ሜትር

ሦስተኛው ነገር መለኪያ ነው። ሰው አስቀድሞ የለካው በአካሉ ነው። በአገራችን አራት ጣት አንድ ጋት፣ ሦስት ጋት አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ ይባላል፤ ክንድም ግማሽ ሜትር ያህል ነው። እህል በቁና፣ በእንቅብና በዳውላ ይሰፈራል፤ ወርቅ በወቄት፣ ቡና በፈረሱላ ይመዘን ነበር። ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት፣ ማለት 28 ግራም ያህል ስለ ነበር፣ ገንዘቡ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግል ነበር። መሬት በገመድ፣ ማለት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይቈጠር ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ሲሆን እንደየአገሩ ይለያያል።

ችግሩ መስፈሪያዎቹ አለመኖራቸው ሳይሆን አንድ አለመሆናቸው ነው። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው ይሰፋል፤ ፈረሱላውም እንደ ዕቃውና እንደ ገበያው ይለያያል። ጨርቅ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ወዳጁን አስከትሎ ይሄድ ነበር ይባላል። በዚህ የሚጐዳው ሁልጊዜ ድኻው ነው፤ ሲሸጥ በሰፊው ቁና ይሰፈርበታል፣ ሲበደር በጠባቡ ይሰጠዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ሐሰተኛ ሚዛንን አጥብቆ የሚነቅፈው፣ አባቶቻችንም «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

በፈረንሳይ አገርም ይኸው ችግር ስለ ነበር፣ ከአብዮቱ በኋላ ከማንም ንጉሥ ክንድ ያልተወሰደ መለኪያ ተፈለገ። ሜትር ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለ10,000,000 ተከፍሎ አንዱ እጅ እንዲሆን ተወሰነ። ዴላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከ1792 እስከ 1798 ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር በጦርነት መካከል ለኩ። ሕጉ በ1795 ወጣ፤ ከፕላቲን የተሠራው ሜትር በ1799 ተቀመጠ። ሕዝቡ ግን የለመደውን አልተወም። በ1812 ናፖሌዎን የቀድሞዎቹ የመለኪያ ስሞች እንዲመለሱ ፈቀደ፤ ሜትር በፈረንሳይ በግዴታ የጸናው በ1840 ነው። ሜትርን የወለደው አገር ሕዝብ ሊለምደው ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል ማለት ነው። በ1875 17 መንግሥታት በፓሪስ የሜትርን ውል ተፈራረሙ። ኢትዮጵያም በ1963 ባወጣችው የሚዛንና የመስፈሪያ ዐዋጅ ይህንኑ ሥርዓት ተቀበለች። ከ1983 ጀምሮ ሜትር የሚወሰነው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ ኪሎግራምም ከ2019 ጀምሮ በአንድ ብረት ሳይሆን በማይለወጥ የተፈጥሮ ቍጥር ይወሰናል።

ይህን ታሪክ በቤት መድገም ይቻላል። አባትና ልጅ አንዱን ጠረጴዛ በየስንዝራቸው ይለኩ። አባትየው 7 ሲያገኝ ልጁ 10 ወይም 11 ያገኛል። «ማን ተሳሳተ?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ ማንም እንዳልተሳሳተ፣ ስንዝሮቹ ግን እኩል እንዳልሆኑ ይናገራል። ያን ጊዜ የልብስ ሰፊ ሜትር ይምጣና ሁለቱም እንደገና ይለኩ፤ መልሳቸው አንድ ይሆናል። ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ቀጥሎም የልጁ ቁመት በግድግዳ ላይ ይለካ። አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ልጁ 1.5 ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ነገር ግን 1.5 አንድ ሜትር ተኩል ነው። አምስቱ ሳንቲ ሜትር መቶኛ ስለሆነ፣ አሥረኛው ቤት ባዶነቱ በዜሮ ተጠብቆ 1.05 ይጻፋል። በስንደዶው 307 ላይ የመቶንና የአንድን ቤት ያለያየ ያው ዜሮ እዚህም ሥራውን ይሠራል።

ውሃ ለመቅዳትም ጀሪካን አለ። በአንድ ሊትር ጠርሙስ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን መሙላት፣ በባለ 5 ሊትሩም ባለ 20 ሊትሩን መሙላት፣ ሲኒው ስንት ጊዜ ግማሽ ሊትር እንደሚሞላ መቍጠር፣ ለልጅ ጨዋታ ነው። ከመለካቱ በፊት ግን «ስንት ይመስልሃል?» ብሎ ግምቱን መጠየቅ ይገባል፤ አስቀድሞ የገመተ ልጅ የማይመስል መልስ ሲያገኝ ራሱ ይጠራጠራልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንጨምር። ሰዓት በአሥር አይሄድም። ፈረንሳዮች በ1793 ቀኑን በ10 ሰዓት፣ ሰዓቱን በ100 ደቂቃ ለመክፈል ደንግገው ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ ስላልተቀበለው በ1795 ተዉት፣ የባቢሎናውያን ስድሳም እስከ ዛሬ ጸና። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ 2.5 ሰዓት እንጂ 2.3 ሰዓት አይደለም። የእኛም ወር 30 ቀን፣ ዓመታችንም 13 ወር ነው። ልጁ የትኛው ነገር በአሥር፣ የትኛው በስድሳ፣ የትኛው በሠላሳ እንደሚቈጠር ለይቶ ቢያውቅ ብዙ ስሕተት ይቀርለታል።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየነው ታሪክ በሦስት ወገን ላሉ አንባቢዎቻችን የሚናገረው አለው። ክቡራን መምህሮቻችን፣ የሕፃኑን ስሕተት ከመሰረዛቸው በፊት አሳቡን እንዲጠይቁት በትሕትና እንለምናለን፤ ብዙ ጊዜ ከስሕተቱ በስተጀርባ የአንድ ዘመን ጥበብ ይገኛልና። ክቡራን ወላጆቻችን ደግሞ «አልተማርንም» የሚለውን ቃል እንዲተዉልን እንለምናለን። ስንደዶ የምታስር፣ ብር የምትዘረዝር፣ እህል የምትሰፍር እናት፣ መሬት የሚለካና ሚዛን የሚያይ አባት፣ የስቴቪንና የፊቦናቺ አባት ያወቁትን ያውቃሉ፤ የሚቀራቸው ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራቸውን ጮክ ብለው መሥራት ብቻ ነው። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል።

እኛ ተማሪዎች ግን ዕዳው ይበልጥብናል። ወላጆቻችን ቁናውን ያውቃሉ፣ እኛ ኪሎውን ተምረናል፤ እነርሱ ስሙኒውን ያውቃሉ፣ እኛ 0.25 ብለን መጻፍ ተምረናል። ሁለቱን ዕውቀት የሚያገናኝ ሰው በየቤቱ ካልተገኘ፣ የአያቶቻችን ጥበብ ከእነርሱ ጋር ያልፋል፣ የእኛም ትምህርት በደብተር ተዘግቶ ይቀራል። ስለዚህ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት ተመርቀን የምንወጣ ሁላችን፣ ከምስክር ወረቀታችን ጋር ቢያንስ አንድ ታናሽ ልጅ በሚገባ ቈጥሮ፣ ነጥቡን በቦታው አኑሮ፣ በትክክል ለክቶ እንዲያድግ የማድረግን አደራ ይዘን እንውጣ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ዛሬ ስንደዶ የሚያስር ሕፃን ነገ ድልድይ የሚለካ መሐንዲስ፣ መድኃኒት የሚመዝን ሐኪም፣ ወይም ሚዛኑ የታመነ ነጋዴ ይሆናል። እግዚአብሔር ይርዳን።